ሠላሳ ስምንት ብልቃጥ ከማዶ

መስከረም 4

ውድ ልጄ፣

እንደምን ከረምሽ? እኔ ጉልበቴን ክረምቱ እንደ ልማዱ ቆረጠመኝ እንጂ ደህና ነኝ። የጥበቃ ጣቢያው ዘንድሮ አላፈሰሰም፤ ጣሪያውን በጋ ላይ ራሴ ወጥቼ ስለመታሁት ነው።

«ምን ዋጠዎት?» ብለሽ የጻፍሽው ደርሶኛል። አትቆጪኝ። መኪናው በጭቃ የተነሣ ሁለት ዙር ቀረብን። ስልክ እዚህ እንደማይሠራ ታውቂያለሽ፤ መኪናው ካልወረደ እኔም ድምፄ አይሰማም። ይኸው አሁን ሳጥኑን ልኬልሻለሁ። ሠላሳ ስምንት ብልቃጥ፣ ሁሉም ከወንዙ ማዶ። ከ61 እስከ 98 ቁጥር አለባቸው። እንዳስተማርሽኝ በእርሳስ ነው የጻፍኩት፤ አልኮሉ የእስክሪብቶ ቀለም ይበላል ብለሻልና። ጓንቱንም ለእያንዳንዱ ቀይሬያለሁ።

ሰው ልጁን አስተምሮ ሐኪም ወይ ዳኛ ያደርግና ደጁ ላይ ወንበር አስወጥቶ ይቀመጣል። እኔ ልጄን አስተምሬ የጉሬዛ ኩስ ለቃሚ ሆንኩ። ይህን ለአዲሱ የጣቢያ ኃላፊ ስነግረው ሳቀ፤ የምሬን መሆኑን ሲያይ ደግሞ ወደ ወረቀቱ ተመለሰ።

«ጋሽ ጀልቤን ሳሙልኝ» ብለሻል። ሰላምታሽን ሲመቸኝ አደርሳለሁ። ስለ ወንዙ ጠይቀሽኛል፤ በጣም ሞልቶ ነበር፣ አሁን ጎድሏል። ሌላ ወሬ የለም።

ስትጽፊ ስለ ጤናሽም ጻፊ። ስለ ሥራ ብቻ አትጻፊ።

አባትሽ


መስከረም 27

ውድ አባባ፣

እንደምን ሰነበቱ? ጉልበትዎን በሙቅ ውሃ ይያዙት፤ እንደማይዙት ባውቅም እጽፋለሁ። ሳጥኑ ደርሷል። ሾፌሩ «አባትሽ እንደ አራስ ልጅ ያዘው ብለውኛል» እያለ በሁለት እጁ አስረከበኝ። አንድም ብልቃጥ አልፈሰሰም።

ኩስ እንዲህ የሚያስቸኩለው ለምንድን ነው ብለው ከክረምቱ በፊት ጠይቀውኝ ነበር። እኔ በጥድፊያ ስጽፍ ነገሩን አላስረዳሁዎትም፤ ይቅርታ ያድርጉልኝ። የመንገድ ሥራው ኮሚቴ በታኅሣሥ ይሰበሰባል። ጥያቄያቸው አንድ ነው። ወዲህ ያሉት ጉሬዛዎችና ማዶ ያሉት አንድ ናቸው ወይስ የተለያዩ? አንድ ከሆኑ ወንዙን እየተሻገሩ ይዋለዳሉ ማለት ነው። ያኔ «የማዶው ደን ለመንገዱ ቢመነጠር ጉሬዛ አይጠፋም፣ ወዲህ ያለው ይተካዋል» ይላሉ። የተለያዩ ከሆኑ ግን የማዶው ካለቀ አለቀ፤ መንገዱ ዞሮ መሄድ አለበት። በዓይን አይቶ የሚለያቸው ሰው የለም፤ ሁሉም ጥቁር ነው፣ ሁሉም ነጭ ካባ ለብሷል። ኩሱ ላይ ግን ከአንጀታቸው ተፍቆ የወጣ ነገር አለ። እሱን አጥበን፣ ዲኤንኤውን አውጥተን፣ ማሽኑ ሲያነበው ማን ማን እንደሆነ፣ ማን የማን ዘመድ እንደሆነ ይለያል።

ስለ ጤናዬ ጻፊ ስላሉኝ ይኸው። ደህና ነኝ፤ ግን አላስቆም አላስቀምጥ ይለኛል። የምሠራበት ክፍል መስኮቱ አይከፈትም። ሦስት ማቀዝቀዣዎች ቀኑን ሙሉ ያጉረመርማሉ። ማሽኑ እስኪጨርስ ኮሪደሩን እመላለሳለሁ፤ የጽዳት ሠራተኛዋ «አንቺ ልጅ፣ ወለሉን ጨረስሽው እኮ» አለችኝ።

ሁለት ነገር ልጠይቅዎ። ከ71 እስከ 77 ያሉት ላይ ቀን አልተጻፈም። መቼ የተለቀሙ ናቸው? ሁለተኛ፣ ጋሽ ጀልቤ ሰላምታዬን ሲሰሙ ምን አሉ? ልጅ ሆኜ ሲያሻግሩኝ «ዋና ይችላሉ?» ብዬ ስጠይቃቸው «እኔ ምን አደከመኝ፣ ጀልባው ይችላል» ይሉኝ ነበር። አሁንም እንደዚያ ይላሉ?

ልጅዎ


ጥቅምት 10

ውድ ልጄ፣

ቀኑ ነሐሴ 14 ነው። ወይም 15። ሁለቱን ጻፊ።

ጉልበቴን በሙቅ ውሃ ይዣለሁ። እውነቴን ነው፣ አንድ ቀን።

እዚህ ብርዱ ገብቷል። ኃላፊው አዲስ መዝገብ አምጥቶ «በየቀኑ የት የት እንደሄዳችሁ ጻፉ» ብሎናል። ሠላሳ ዓመት የሄድኩበትን ማን ጻፈው? እግሬ ነው የጻፈው።

መኪናው ሊነሣ ነው፤ ሾፌሩ ጡሩምባውን እየነፋብኝ ነው። ለሌላው ጥያቄሽ በሌላ ጊዜ እመልሳለሁ።

አባትሽ


ኅዳር 1

ውድ አባባ፣

እንደምን ሰነበቱ? ዛሬ ሰላምታውን ላሳጥር፤ ይቅር በሉኝ።

ውጤቱ ወጣ። ከማዶ የላኩልኝ ሠላሳ ስምንት ብልቃጥ የአሥራ ዘጠኝ ጉሬዛዎች ሆኖ ተገኘ። ይህ አይገርምም፤ አንዱ እንስሳ ሁለት ሦስት ጊዜ ይለቀማል። የሚገርመው ሌላ ነው። አሥራ ዘጠኙንም ቀደም ሲል ከወዲህ ከላኩልኝ ስልሳ ብልቃጥ አውቃቸዋለሁ። የ61 ቁጥሩ የ14 ቁጥሩ ነው። የ80 ቁጥሯ በጥር ከጣቢያው በላይ የለቀሟት የ22 ቁጥሯ ናት። አንድም እንግዳ የለም፣ አባባ። ከአሥራ ዘጠኝ አንድም።

አለቃዬ ደስ ብሏታል። ፕሮፌሰሯ እንዲህ ደስ ሲላት አይቼ አላውቅም። «ይሻገራሉ ማለት ነው፤ ማንም ያልጠበቀው ነገር» እያለች ለሰው ሁሉ ትናገራለች። እኔ ግን አልተዋጠልኝም። ጉሬዛ አይዋኝም። መሬት እንኳን የሚረግጠው ቸግሮት ነው። የሚሻገሩ ቢሆን ደግሞ የማዶዎቹ ነባሮች የት ሄዱ? ቢያንስ አንድ ሁለት አዲስ መገኘት ነበረበት።

ቁጥር ተምታቶ ይሆን ብዬ ሁለት ጊዜ አጠብኩ፣ ሁለት ጊዜ አስነበብኩ። ያው ነው።

እርስዎ ሠላሳ ዓመት አይተዋቸዋል። በምን ይሻገራሉ?

ስለ ጋሽ ጀልቤ አሁንም አልነገሩኝም።

ልጅዎ


ኅዳር 12

ልጄ፣

ከጎርፉ በኋላ ወንዙ ላይ የወደቀ ትልቅ ዛፍ አለ። ጫፉ ማዶ ነክቷል። በእሱ ይሻገራሉ። እኔ አይቻለሁ።

ሁለት ጊዜ አጠብኩ፣ ሁለት ጊዜ አስነበብኩ ስትይኝ ምን እንዳልሽኝ ገብቶኛል። አባትሽን የምትመረምሪ ከሆነ በግልጽ ንገሪኝ፤ ሽማግሌ ሰው ነኝ፣ ቅኔ አላውቅም። ያሳደግሁሽ ጫካ ውስጥ ሆኜ ነው፤ ይህን ደን ዛፍ በዛፍ አውቀዋለሁ። አለቃሽ ደስ ካላት አንቺ ምን አስጨነቀሽ?

ጀልበኛውን ተይው። እሱ እንኳን አረፈ፤ የዘንድሮው ክረምት አድካሚ ነበር።

አባትሽ


ኅዳር 24

ውድ አባባ፣

ቅኔ አይደለም። በግልጽ ልጽፍ።

ማሽኑ የእንስሳውን ብቻ አያነብም፤ የበላውንም ያነባል። ኩሱ ውስጥ የቅጠሉም ዲኤንኤ አለ። የማዶ ከተባሉት ከሠላሳ ስምንቱ በሃያ ሦስቱ ውስጥ የኮክ ቅጠል አገኘሁ። የጫካ ዛፍ ይሆናል ብዬ ተከራከርኩ፤ ባልደረቦቼ አጠገቡ አስቀምጠው አሳዩኝ፤ ኮክ ነው።

እማዬ ከመሞቷ በፊት ባለው ዓመት እርስዎ በጣቢያው አጥር ላይ ስድስት ኮክ ተክለዋል። ቅጠሉን ጉሬዛ እየጨረሰው ነው እያሉ በየደብዳቤው ያማርሩ ነበር። በዚያ አገር ሁሉ ሌላ ኮክ የለም። ማዶ ቤት የለም፣ አጥር የለም፣ ኮክ የተከለ ሰው የለም።

ይህን ከእርስዎ ሌላ ለማንም አልተናገርኩም። ግን የደበቅሁዎት ነገር አለ። አለቃዬ ውጤቱን ባለፈው ሳምንት ለኮሚቴው ልካለች። «ሁለቱ ዳር አንድ ናቸው» ይላል። ከሥሩ የእኔ ስም አለ። አልፈርምም ለማለት ድፍረቱ አልነበረኝም፤ አልፈርምም ብል «ለምን?» ትለኛለች፣ መልሱ ደግሞ እርስዎ ነዎት።

ለመክሰስ አይደለም የምጽፈው። ማታ ወደ ቤት ስሄድ አውቶቡሱን ትቼ በእግሬ እሄዳለሁ፤ መቀመጥ አልቻልኩም። ምን ሆነው ነው? እርስዎ በሕይወትዎ ያልወጡበትን ዳገት «ወጣሁ» ብለው አያውቁም።

ደግሞም «አረፈ» ያሉኝን ቃል አሥር ጊዜ አነበብኩት።

ልጅዎ


ታኅሣሥ 6

ልጄ፣

አዎ። ሠላሳ ስምንቱም ከወዲህ ናቸው። አብዛኛውን ከአጥራችን ሥር ነው የለቀምኩት። በወንዙ ላይ የወደቀ ዛፍ የለም።

ከዚህ በታች ያለውን ተቀምጠሽ አንብቢው።

ነሐሴ 11 እኔና ጀልበኛው ማዶ ተሻገርን። አራት ቀን ቆይተን ሠላሳ ስምንት ብልቃጥ ሞላን፤ እውነተኛ ብልቃጥ፣ የማዶ ጉሬዛ። በአምስተኛው ቀን ጠዋት ውሃው ቀልቶ ወረደ። ጀልበኛው ዳሩ ላይ ቆሞ ሰማው። «ወንዙ አልጣመኝም» አለ። «ድምፁ ሌላ ነው። ነገ ይሁን።»

ደብዳቤሽ ኪሴ ውስጥ ነበር። «መኪናው ያለ ሳጥኑ እንዳይሄድ» ብለሽ ከሥሩ ሁለት ጊዜ አስምረሻል። መኪናው የሚነሣው በዚያው ቀን ከሰዓት ነው።

«ልጄ ቸኩላለች» አልኩት። «አንተ ሳጥኑን አድርስና ነገ ተመልሰህ ውሰደኝ። እኔ የቀረውን መንጋ ጠዋት አየዋለሁ።»

«ለልጅህ ነው?» አለኝ።

«ለልጄ ነው።»

«ለእሷ ከሆነ እሺ» አለ። ሳጥኑን በላስቲክ ጠቅልሎ እግሩ ሥር አስቀመጠው።

መሃል እስኪደርስ አየሁት። ከላይ ግንድ መጣ። ከዚያ ጀልባውን ተገልብጦ አየሁት፤ እሱን አላየሁትም። ጮኽኩ። ማንን እንደጠራሁ አላውቅም፤ ከእኔ በቀር ሰው አልነበረም።

ሁለት ቀን ማዶ ቀረሁ። የታችኛው መንደር ሰዎች ደርሰው አሻገሩኝ፤ ዓይኔን ጨፍኜ ነው የተሻገርኩት። እሱን በሦስተኛው ቀን ከታች አሸዋ ላይ አገኙት። ቀበርነው። ጀልባውም ከእሱ በታች ቁጥቋጦ ይዞት ተገኘ። ሳጥኑ አልተገኘም።

ከዚያ ወዲህ ወንዙ ዳር እደርስና እመለሳለሁ። ሦስት ጊዜ ሞከርኩ። ሦስተኛው ላይ ተቀምጬ እንደ ሕፃን አለቀስኩ። አንቺ ደግሞ ትጠይቂያለሽ። እውነቱን ብጽፍልሽ «የእኔ ደብዳቤ ገደላቸው» ትያለሽ ብዬ ፈራሁ። ስለዚህ ዓይኔን በጨው አጥቤ ባዶውን ብልቃጥ ከደጄ ሞላሁት። ኩስ ኩስ ነው፣ ማን ይለየዋል አልኩ። ሠላሳ ዓመት ደን ጠብቄ ልጄ ምን እንደተማረች አለማወቄን ተመልከቺ።

ደብዳቤ ሰው አይገድልም። አንቺ ወንዙን አላየሽም። ወንዙን እያየሁ የላክሁት እኔ ነኝ።

አባትሽ


ታኅሣሥ 17

ውድ አባባ፣

ተቀምጠሽ አንብቢ ብለውኝ ነበር። መንገድ ላይ ቆሜ አነበብኩት። ከዚያ ሄድኩ፤ የት እንደሄድኩ አላውቅም፣ አንድ የማላውቀው ሰፈር የብረት በር የሚበይዱ ሰዎች ፊት ራሴን አገኘሁት። አንዱ መነጽሩን አውልቆ «እህቴ፣ ምን ጠፋብሽ?» አለኝ።

ሁለት ጊዜ ያሰመርኩት እኔ ነኝ። እርስዎ የፈለጉትን ይበሉ፣ እሱን አልፍቀውም። ቀኑን እንኳን አላስታውስም ነበር፤ ሻይ እየጠጣሁ ነው የጻፍኩት።

በማግስቱ አለቃዬ ጋ ገባሁ። «የማዶው ናሙና የማዶ አይደለም» አልኳት።

«ማን አለ?»

«የለቀሙት ሰው።»

«አባትሽ?» አለችና መነጽሯን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። ስለ ወንዙ፣ ስለ ጋሽ ጀልቤ ነገርኳት። ሳታቋርጠኝ ሰማች። ከዚያ «አንቺ ከመቼ ጀምሮ ጠረጠርሽ?» አለችኝ።

«ከጥቅምት መጨረሻ።»

«እኔ ሪፖርቱን የላክሁት ኅዳር አጋማሽ ላይ ነው።»

እዚያው ፊቴ ስልክ አንሥታ ሪፖርቱን ከኮሚቴው መለሰችው። በእኔ የተነሣ አፈረች፣ በሃያ ዓመት ሥራዋ ለመጀመሪያ ጊዜ። ኮሚቴው እስከ የካቲት መጨረሻ ጊዜ ሰጥቷታል። የእኔ ስም ከጥናቱ ወጥቷል። ሆኖም አገሩን የሚያውቅ ሌላ ሰው ስለሌላት እኔን ትልካለች፤ አንዲት ባልደረባዬ አብራኝ ትመጣለች። እኔ እለቅማለሁ፣ እሷ ትመዘግባለች፤ ብልቃጡን የምትዘጋው እሷ ናት። እንዲህ ሆኗል የእኔ ነገር፤ አልከፋኝም፣ ልክ ናት።

አንድ ነገር ግን ሌት ተቀን ይወጋኛል። የጋሽ ጀልቤ ባለቤት እውነቱን ያውቃሉ? ለምን እንደተሻገሩ ምን ብለው ነው የነገሯቸው?

ልጅዎ


ታኅሣሥ 30

ልጄ፣

በመጀመሪያ «አትምጪ» የሚል ደብዳቤ ጽፌ ነበር። ቀደድኩት።

እውነቱን አልነገርኳትም ነበር። በቀብሩ ዕለት «ራሱ ካልሄድኩ አለ፣ ለመንኩት፣ እምቢ አለኝ» ብዬ ለሰው ሁሉ ተናግሬያለሁ። እሷም ሰምታለች። አራት ወር ሙሉ ደጇን ሳልፍ በሩቁ እጅ ነሥቼ አልፋለሁ እንጂ ቆሜ አላወራኋትም። ጥያቄሽ በደረሰኝ ማግስት ሄድኩ።

ጀልባውን በግንባሩ ደፍታ ስንጥቁን ሬንጅ ትቀባ ነበር። አሁን ማሻገሩን የያዘችው እሷ ናት።

«ራሱ ካልሄድኩ አለ ብዬሽ ነበር» አልኳት። «አላለም። ነገ ይሁን ብሎ ነበር። የላክሁት እኔ ነኝ።»

ብሩሹን አላስቀመጠችም። ከጫፍ እስከ ጫፍ አንድ ጊዜ ቀባችና፣ «አውቃለሁ» አለች። «ውሃ ሲቀላ ወንዝ አይገባም። ሃያ ስድስት ዓመት አብሬው ኖሬያለሁ፤ ራሱ አይገባም። አንተ መቼ እንደምትናገር ስጠብቅ ነበር።»

ብሩሹን እንደገና ሬንጁ ውስጥ ነከረች።

«ሳጥኑ ውስጥ ምን ነበር?» አለችኝ።

ነገርኳት። የጉሬዛ ኩስ መሆኑን ስነግራት ራሴን ጠላሁ፤ ከአፌ ሲወጣ እንዴት ያለ ነገር ይመስላል። ስለ መንገዱም ነገርኳት፣ ለምን እንደሚፈለግ፣ እኔ ምን እንዳደረግሁ። ከዚያ በክንዷ ፊቷን ጠረገች፤ ሬንጁ ጉንጯ ላይ ቀረ።

«ስንት ነበር?»

«ሠላሳ ስምንት።»

«ልጅህ ትምጣ» አለች። «እኔ አሻግራታለሁ። አንተን ግን ዛሬ ላይህ አልችልም፤ ሂድ።»

ሄድኩ። ነይ፣ ልጄ። ውሃው ጎድሏል።

አባትሽ


ጥር 19፣ ከማዶ

ውድ አባባ፣

ይህን የጋሽ ጀልቤ ባለቤት ሲመለሱ ያደርሱልዎታል። ከሦስት ቀን በፊት ስንሻገር ዳሩ ላይ ቆመው አየሁዎት። ሁለት ቀን እዚያ ቤትዎ አድሬ ስለዚህ ነገር አንድ ቃል አልተናገርንም፤ ስለ ድስቱ መክደኛ ነው ያወራነው። አሁን በመካከላችን ወንዝ ሲገባ ደብዳቤ እጽፋለሁ። አያስቅም?

ስንሻገር ባለቤታቸው መሃል ላይ እንኳን መቅዘፉን አላቆሙም፣ ወዲያም ወዲህም አላዩም። እኔ የጀልባውን ጠርዝ ይዤ ነበር።

ሥራው እንደሚሉት ነው። ጎህ ሲቀድ ካደሩበት ዛፍ ሥር እንቆማለን። መጀመሪያ ትልቁ ወንድ ያጓራል፤ ደረት ውስጥ ይገባል ድምፁ። ከዚያ ይንቀሳቀሳሉ፣ ከዚያ ይዘንብልናል። ባልደረባዬ የመጀመሪያውን ቀን ኮፍያ ረስታ ነበር፤ ሁለተኛ አትረሳም። እስካሁን ሃያ ሁለት ብልቃጥ ሞልተናል። ግን ከሁለት መንጋ ብቻ ነው። ሦስተኛውን አጣነው። የዛፍ ቆራጮች ምልክት እስከ ኮረብታው ሥር ደርሷል፤ በየግንዱ ላይ ቀይ ቀለም ቀብተዋል። እርስዎ ባለፈው ዓመት ደብዳቤዎ ማዶ ሦስት መንጋ አለ ብለውኝ ነበር። ጨርሰው ሄዱ ይሆን ብዬ ፈራሁ። ያለን አራት ቀን ነው።

ከተቻለዎ ይምጡ። ካልተቻለዎ የት እንደምፈልግ ይጻፉልኝ።

ልጅዎ


ጥር 20፣ ከወዲህ

ልጄ፣

መጣሁ፣ እስከ ጀልባው ድረስ። አንድ እግሬን አስገባሁ። የጀልበኛው ሚስት መቅዘፊያውን ይዛ ጠበቀችኝ፤ አልቸኮለችም። ሁለተኛው እግሬ ግን እምቢ አለ። «ይቅር፣ ጻፍላት» አለችኝ። እነሆ እየጻፍኩ ነው፤ ጉልበቴ ላይ ነው የምጽፈው፣ ፊደሉ ቢዛነፍ በዚያ ነው።

ሦስተኛው መንጋ ሰው ሲበዛበት ወደ ላይ ይሸሻል። ኮረብታውን በግራ ትታችሁ ደረቁን ወንዝ ይዛችሁ ውጡ። አንድ ሰዓት ያህል ከሄዳችሁ በኋላ ውሃ ከዓለት ሥር የሚመነጭበት ቦታ አለ። ከዚያ በላይ ሦስት ሾላዎች አሉ፤ መካከለኛው ላይ ነው የሚያድሩት። አንዷ ሴት ጅራቷ ቆራጣ ነው። እሷን ካያችሁ መንጋው እሱ ነው። ሲነጋ ሳይሆን ከመንጋቱ በፊት እዚያ ሁኑ፤ ቀድመው ይነሣሉ።

አንድ ነገር ልንገርሽና አትቆጪኝ። ለኮሚቴውና ለመሥሪያ ቤቴ በስሜ ጽፌያለሁ። ብልቃጦቹን ማን እንደቀየረ፣ ለምን እንደቀየረ፣ ሰውየውን ማን እንደላከው። ስምሽን ያወጡት በእኔ ጥፋት መሆኑንም ጽፌያለሁ። መኪናው ትናንት ይዞት ወርዷል። ኃላፊው «ጡረታዎ ሦስት ዓመት ሲቀረው?» አለኝ። ሦስት ዓመት ሙሉ ውሸቴን ዓይን ለዓይን እያየሁ ልኖር ነው እንዴ?

በመመለሻሽ ዳሩ ላይ እጠብቃለሁ።

አባትሽ


መጋቢት 22

ውድ አባባ፣

እንደምን ሰነበቱ? ይህን ደብዳቤ አራት ጊዜ ጀመርኩት።

ቆራጣዋን አገኘናት። መካከለኛው ሾላ ላይ ነበረች። በጠቅላላው አርባ ሦስት ብልቃጥ ሞልተን ተመለስን፤ የተነበበው የአሥራ አራት ጉሬዛዎች ነው። ከአሥራ አራቱ አንድም ወዲህ የለም። አንድም። ከወዲህ ካሉት የተለዩት ይህ ወንዝ ስም ሳይወጣለት ነው፤ ብዙ ሺህ ዓመት። ቁጥሩን ማያ ገጹ ላይ ሳየው ተነሥቼ ኮሪደር ወጣሁ፤ የጽዳት ሠራተኛዋ መወልወያዋን አቁማ አየችኝና መንገድ ለቀቀችልኝ።

ሌላም አለ። አሥራ አራቱ በጣም የተቀራረቡ ናቸው፤ ወንድምና እህት፣ የአክስት ልጅ ከአጎት ልጅ። ብዙ ቀርተው የነበሩ አይመስሉም። ትንሽ ቢቆይ ኖሮ የምንለቅመው አይኖርም ነበር።

ኮሚቴው ደብዳቤዎ ጮክ ተብሎ እንዲነበብ አደረገ። እኔ ከኋላ ተቀምጬ ነበር። አንደኛው አባል «እንዲህ ያለ ሰው የለቀመውን ነገር ሁሉ እንዴት እናምናለን?» አለ። አለቃዬ ተነሥታ «የአሁኑን እሱ አልለቀመውም። ያኛው ውሸት መሆኑን ግን ከእሱ በቀር ሊነግራችሁ የሚችል ሰው አልነበረም፤ ነገራችሁ» አለች። ሁለት ሰዓት ተከራከሩ። በመጨረሻ መንገዱ ከኮረብታው በስተሰሜን እንዲዞር ተወሰነ። ውሳኔው ያለፈው በአምስት ለአራት ድምፅ ነው። ለትንሽ ነው የተረፉት።

የእኔ ውል በመጋቢት መጨረሻ ያልቃል፤ አልታደሰም። አለቃዬ በሩ ላይ «በሚቀጥለው ዓመት አመልክቺ፤ ስትጠረጥሪ በዚያው ቀን የምትነግሪኝ ከሆነ» አለችኝ። እጄን ጨበጠችኝ። ዕቃዬን በአንድ ካርቶን አስገብቼ ወጣሁ፤ የት እንደምሄድ ገና አላወቅሁም። ቤት ውስጥ ወንበሮቹን ቦታ ሳቀያይር እውላለሁ።

እርስዎንስ ምን አሉዎ?

ልጅዎ


ሚያዝያ 8

ውድ ልጄ፣

አንቺ አራት ጊዜ ጀመርኩት ያልሽውን እኔ አንድ ጊዜ ቁጭ ብዬ አነበብኩት፤ ከዚያ ለጀልበኛው ሚስት ሄጄ አነበብኩላት። አሥራ አራቱ ላይ ስደርስ «እንደገና በል» አለችኝ። እንደገና አልኩ።

እኔን አሰናበቱኝ። ደብዳቤው አጭር ነው፣ ስድብ የለበትም። የደንብ ልብሱን መልሻለሁ። ጣቢያውን እስከ ወሩ መጨረሻ ልቀቅ ስላሉኝ ከመንደሩ ጫፍ አንድ ክፍል ይዣለሁ፤ መስኮቱ ወደ ወንዙ ነው። የት እንደምሄድ አላወቅሁም ብለሻል። ወደዚህ ነይ። ክፍሉ ጠባብ ነው፤ ወንበሩም አንድ ስለሆነ ቦታ የምትቀያይሪው ነገር የለም።

የማዶውን ነገር ልንገርሽ። ባለፈው እሑድ ጠዋት የጀልበኛው ሚስት መጥታ ደጄ ላይ ቆመች። «ያለቀበትን ቦታ አሳየኝ» አለች። «ስምንት ወር በላዩ ስመላለስ የቱ ጋ እንደሆነ አላውቅም። የምታውቀው አንተ ብቻ ነህ።»

እምቢ የምልበት አፍ አልነበረኝም። እግሬን ሳላስበው ጀልባው ውስጥ ነበርኩ። ቀዘፈች። መሃል ስንደርስ መቅዘፊያውን አነሣች፤ ጀልባው በራሱ ተንሳፈፈ።

«እዚህ ነው?»

«ትንሽ ወደ ላይ» አልኳት።

ሁለት ጊዜ ቀዘፈች።

«እዚህ ነው።»

እጇን ውሃው ውስጥ አስገባች። ብዙ ቆየች። እኔ የጀልባውን ጠርዝ ይዤ ማዶ ያለውን ዛፍ አያለሁ፤ ወደ እሷ ማየት አልቻልኩም። አልቅሳ እንደሆነ አላውቅም። ከዚያ በእርጥብ እጇ ፊቷን አበሰችና መቅዘፊያውን ወደ እኔ ገፋችው።

«ያዝ» አለችኝ። «እጄ ደክሟል።»

ያዝኩት። አቅጣጫው እየጠፋኝ፣ እያዞርኩት፣ እሷም «በግራ፣ በግራ» እያለችኝ ማዶ ደረስን። ዳሩ ላይ ዕቃ የተሸከሙ ስድስት ሰዎች ቆመው ይጠብቁ ነበር። አሳፍረናቸው ተመለስን።

አባትሽ